ያጠጣችሁት ውሃ የት ገባ?

ዛሬ ማታ መብራቱ ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ወደ ቤዝመንት ውረዱ። በቀን ብትወርዱ ምንም አታዩም። በቀን በሶብላው ፈክቶ፣ ጤና አዳሙ ቤቱን በመዓዛው ሞልቶት፣ እርጥበት መለኪያው ላይ 60 ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ማታ ግን የድንኳኑን ዚፕ ክፈቱና ባትሪውን ከቅጠሎቹ ሥር ወደ ላይ አብሩ። ከዚያ እጃችሁን ከድንኳኑ ጀርባ አስገቡና ግድግዳውን ዳብሱ። እጃችሁ ረጥቦ ከተመለሰ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው፤ ነገ ዛሬ የምትሉበት ጊዜም የላችሁም።

ጥቅምት እያለቀ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም በሌላውም የዋሽንግተን አካባቢ ውርጭ ደጃችን ላይ ደርሷል። በሶብላ ብርድ አይችልም፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራል። ስለዚህ የሙቀቱን ወራት ሙሉ ጓሮ የከረመው በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ሚጥሚጣ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ለጠላና ለጠጅ ተብሎ በስንት ልመና የተገኘው የጌሾ ችግኝ ሳይቀር በዚህ ሰሞን ወደ ቤት ይገባል። ቤት ማለት ደግሞ ለአብዛኞቻችን ቤዝመንት ነው። መብራት ይሰቀላል፣ ጥቁር ድንኳን ይዘረጋል፣ ታይመር ይሰካል። ቡና ሲፈላ እንግዳው «እስቲ የአገር ቤቱን ጓሮ አሳየን» ይላል፤ እኛም ደስ ብሎን እየመራን እንወርዳለን።

ደስታው አይጥፋብን። ነገር ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ከቅጠል በፊት የሚያድግ ሌላ ነገር አለ። ከድንኳኑ ወጥቶ ግድግዳ ይገባል፤ ከግድግዳ ወጥቶ ልጆች ደረት ላይ ይቀመጣል።

የአንድ ቤት ታሪክ

የምናገረው ከራሴ ቤት ጀምሬ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ሰሞን አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ድንኳን ቤዝመንታችን ጥግ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ጋር አስጠግቼ ተከልኩ። መብራቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በርቶ ማታ በ4 ሰዓት እንዲጠፋ ታይመር ገዛሁ። አየሩን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ፋንም ከመብራቱ ጋር አንድ ታይመር ላይ ሰካሁት። መብራቱ ሲተኛ ፋኑም ይተኛ፣ ኤሌክትሪክም ይቆጠብ ብዬ ነው። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ቁጠባዎች ሁሉ እንደዚያ የከሰርኩበት የለም።

ታኅሣሥ ላይ የበሶብላው የታች ቅጠሎች ወደ ቢጫ መሄድ ጀመሩ። ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩ። ጥር ላይ ጤና አዳሙ ከግንዱ ሥር ጠቆረ። አሁንም ውሃ ጨመርኩ። ቤዝመንቱ ውስጥ አንድ የታፈነ ሽታ ነበር፤ እጣን አጨስኩበት። የሰባት ዓመቱ ልጃችን ሌሊት ሌሊት መሳል ጀመረ፤ የትምህርት ቤት ጉንፋን ነው ተባባልን።

እውነቱን የነገሩኝ ለጥንስስ የጌሾ ቅጠል ሊወስዱ የመጡ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ደረጃውን ገና ሳይጨርሱ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ እዚህ ቤት እህል ቀብረሃል እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ ምን እህል አለና?»

«የጉድጓድ ማሽላ ይሸታል እኮ!»

እኔ በየቀኑ ስወርድ ስወጣ ሽታውን ለምጄዋለሁ፤ እሳቸው ግን አገር ቤት የእህል ጉድጓድ ሲከፈት ከላይ የሚነሳውን ሽታ ያውቁታል። ድንኳኑን ከቦታው ስናነሳው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ለብሶ ቆየን። ድራይዎል የምንለው የጂፕሰም ግድግዳ በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ዳቦ ይቦደሳል። የኢንሹራንሱ መልስ አጭር ነበር፤ ቀስ በቀስ ከተጠራቀመ እርጥበት የመጣ ሻጋታ አይሸፈንም። ብዙ የቤት ኢንሹራንሶች ውስጥ ይህ ነገር በጽሑፍ አለ፤ የእናንተንም ውል ዛሬውኑ አንብቡት። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ የመጀመሪያው የሚሄደው ዲፖዚታችሁ ነው።

የልጁ ሳል ከሻጋታው ብቻ የመጣ ነው ብዬ አልምልም። ግድግዳው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረ።

የአንዲት ስኒ ሒሳብ

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ተክል በሥሩ ከሚጠጣው ውሃ ከ100 እጅ 97 የሚሆነውን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን በቅጠሉ በኩል መልሶ ወደ አየር ይተነፍሰዋል። ለራሱ የሚያስቀረው ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ በቀን 2 ሊትር ካጠጣችሁ፣ ያ 2 ሊትር ውሎ አድሮ አየር ላይ ነው ማለት ነው። ከማሰሮው ሥር ሳህን ላይ የቀረውም ተንኖ ይከተለዋል።

አየር ግን የሚሸከመው ውሃ ልክ አለው። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው ወደ 23 ግራም ውሃ ነው። የእኔ ድንኳን ቁመቱ 2 ሜትር ነበርና ውስጡ ያለው አየር ሦስት ሜትር ኩብ አይሞላም። አባዙት፤ ወደ 66 ግራም ይመጣል። ያ ሁሉ ድንኳን፣ ያ ሁሉ አየር፣ እስከ አፍ ጢሙ ቢሞላ የሚሸከመው ውሃ አንዲት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። እኔ ደግሞ በየቀኑ የማፈስበት 2 ሊትር፣ ወደ ሠላሳ ስኒ።

«ድንኳኑ ቀዳዳ አለው፤ ወደ ክፍሉ ይወጣል» ትላላችሁ። ይወጣል። ክፍሉ 4 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን፣ ጣሪያውም 2 ሜትር ከ40 ቢሆን፣ ጠቅላላ አየሩ ሲሞላ የሚይዘው አንድ ሊትር ከትንሽ ነገር ነው። ግማሹን ደግሞ አስቀድሞ ይዞታል። የቀረው ቦታ አንድ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ያህል ነው። ሦስቱ ጠርሙስ የት ይግባ? ምንጣፍ ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ፣ የክት ነጠላና ጋቢ ያለበት ሻንጣ ውስጥ፣ የግድግዳው ጂፕሰም ውስጥ። ውሃ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ።

መብራቱ ሲጠፋ የሚሆነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። መለኪያችሁ ቀን ላይ 60 ስላለ አትረጋጉ። ያ ቁጥር አየሩ በዚያ ሰዓት ባለው ሙቀት ከሚችለው ሸክም ስንት እጁን እንደተሸከመ ነው የሚነግራችሁ። አየር ሲሞቅ ትከሻው ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። መብራቱ በርቶ 25 ዲግሪ ላይ 60 ያለው አየር፣ መብራቱ ጠፍቶ ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት 92 ይላል። 17 ዲግሪ ሲደርስ ሸክሙን ማውረድ ይጀምራል። ጤዛ የሚባለው ይኸው ነው።

የቤዝመንት የውጭ ግድግዳ ደግሞ አፈር ታቅፎ የተቀመጠ ሲሚንቶ ነው። በብርዱ ወራት 13 ወይም 14 ዲግሪ ቢሆን የሚደንቅ አይደለም። ስለዚህ ክፍሉ መሐል ላይ ያለው አየር ገና ሳይጨናነቅ ግድግዳው ማላብ ይጀምራል። ከድንኳኑ ጀርባ ንፋስ የለም፣ ብርሃን የለም፣ የሚያየው ሰው የለም። ሻጋታ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ቅጠሉም ከዚህ አያመልጥም። ግራጫ ሻጋታ ቦትራይቲስ የሚባለው ቅጠሉ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ያልደረቀ ውሃ ካገኘ ይበቃዋል፤ ሌሊት ገብቶ ሲነጋ ተክሉ ውስጥ ነው። የበሶብላ ጠላት የሆነው ዳውኒ ሚልዲው ደግሞ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በፍሎሪዳ የታየው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ዛሬ በሶብላ የሚበቅልበት ሁሉ አለ። ቅጠሉን ከላይ ስታዩት ቢጫ ብሏል፤ ማዳበሪያ ያነሰው ይመስላችኋል። ገልብጣችሁ ከሥሩ ብታዩት ግን ግራጫ ጥቀርሻ የተነሰነሰበት ይመስላል። ያ ጥቀርሻ የበሽታው ዘር ነው፤ የሚያፈራውም በእርጥብ ጨለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በእስራኤል የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ይህንኑ አሳይቷል፤ ሌሊቱን ብርሃን ሲበራበት ዘር ማፍራቱ ይገታል። ነገሩ ሁሉ የሚሆነው እኛ መብራት አጥፍተን ስንተኛ ነው።

እንግዲህ ፋኑን ከመብራቱ ጋር አንድ ታይመር ላይ የሰካ ሰው ምን እንዳደረገ አሁን ይገባችኋል። አየሩ መንቀሳቀስ በሚገባው በዚያው ሰዓት በተክሎቹ ላይ ጸጥ አድርጎ ዘግቶታል። የእኔ ቤት የተበላሸው በዚያች አንዲት ሶኬት ነው።

ሲጀምር እንዴት ይታወቃል

ቤት ከመፍረሱ በፊት ይናገራል፤ ተክልም እንዲሁ። ከፈረንጅ መጽሐፍ በፊት ዓይንና አፍንጫችሁን ጠይቁ።

ገና የበቀለ የሚጥሚጣ ወይም የበሶብላ ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክር አክሎ ቀጥኖ ከወደቀ፣ አፈሩም አየሩም ውሃ በዝቶበታል። የወደቀውን ውሃ አያነሳውም። የቃሪያ ቅጠል ከሥሩ እንደ ኪንታሮት ያበጠ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ሥሩ ይጠጣል፣ አየሩ ግን አይቀበለውም፤ ተክሉ መተንፈስ አቅቶታል ማለት ነው። የጥብስ ቅጠሉ ላይ ጤፍ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ ሌላ ዓይነት ሻጋታ ገብቷል፤ ይህኛው ቅጠል ላይ ውሃ ባይኖርም ይበቅላል፤ የታፈነና ያልተንቀሳቀሰ አየር ይበቃዋል። ጤና አዳም የድንጋያማ ደረቅ መሬት ልጅ ነው፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ከሥሩ ይጠቁራል። የጠወለገ ሲመስላችሁ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ።

ከቤቱ በኩል ደግሞ የመስኮቱ መስታወት ጠዋት ጠዋት ካላበው፣ ግድግዳው ላይ ቀለም ከተላጠ፣ ካርቶን ከለሰለሰ፣ ጫማ ከረጠበ፣ እንግዳ ሲመጣ አፍንጫውን ከነካ፣ ነገሩ ተጀምሯል። ሽታውን በእጣን አትሸፍኑት። እጣን ለቡናና ለጸሎት ነው፤ ሻጋታን አያወጣም፤ የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር የሚነግራችሁን ምስክር ዝም ማሰኘት ነው።

ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በመተንፈሻ አካል ሕመምና በአስም ይበልጥ እንደሚጠቁ አስፍሯል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 እንዲሆን ይመክራል። አስም ያለበት ልጅ ወይም ሽማግሌ ወላጅ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ፣ ቤዝመንት ውስጥ አልጋ ካላችሁ፣ ይህ ቁጥር ከበሶብላው ይቀድማል።

ዛሬ ማታ

ሳትተኙ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ፋኑን ከመብራቱ ታይመር ንቀሉና ሌላ ሶኬት ላይ ሰኩት። ሌሊቱን ሙሉ ይዙር። ቅጠሉን እያርገበገበ መሄድ አለበት እንጂ መግረፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ ድንኳኑን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት፤ ከጀርባው አየር ይለፍ። ሦስተኛ፣ ከማሰሮዎቹ ሥር ያሉትን ሳህኖች ድፉ። ግድግዳው ወይም ምንጣፉ ረጥቦ ካገኛችሁት ዛሬውኑ ማድረቅ ጀምሩ። ሻጋታ እንዳይበቅል እርጥብ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት፤ ለቅዳሜ አይቀጠርም።

በዚህ ሳምንት

የማጠጫ ሰዓታችሁን ወደ ጠዋት አዙሩ። መብራቱ እንደበራ የጠጣ ተክል ቀኑን ሙሉ ይተነፍሰዋል፤ ማታ ከሥራ ስትመለሱ ያጠጣችሁት ግን በጨለማው እርጥበት ላይ ይደመራል። በልማድ አታጠጡ፤ ማሰሮውን አንሱና ክብደቱን ጠይቁት። ቅጠሎቹ እርስ በርስ እስኪተቃቀፉ የታጨቁ ከሆነ አሳሱአቸው፤ የታችኛውን ቅጠል ልቀሙ፤ የለቀማችሁትንም እዚያው አትተዉት።

መለኪያችሁን ፈትኑት። አሥር ዶላር የሚሸጡት ትንንሽ መለኪያዎች ብዙ ጊዜ ይዋሻሉ። በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርጉ፤ ውሃ ጠብ አድርጉበትና እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን፣ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ አፉን አጥብቁና አሳድሩት። ጠዋት 75 ማለት አለበት፤ ርጥብ የገበታ ጨው የሚያጸናው አየር ይኸው ነው። 68 ካለ ሰባት እየጎደለ ይነግራችሁ ነበር ማለት ነው። ከተቻለም ሁለት ይኑራችሁ፤ አንዱ በቅጠሎቹ ቁመት፣ ሌላው በቀዝቃዛው ግድግዳ በኩል። የሌሊቱን ከፍተኛ ቁጥር የሚያስቀር ዓይነት ግዙ፤ የምትፈልጉት እናንተ ተኝታችሁ ሳለ የሆነውን ነው።

ቁጥሩስ ስንት ይሁን? ገና ለበቀለ ችግኝ ከ65 እስከ 70 ይስማማዋል፤ ያደገ ተክል ከ50 እስከ 60 ይበቃዋል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ከ65 እንዳያልፍ ጠብቁ። ከድንኳኑ ውጭ ያለው ክፍል ግን እንደማንኛውም የመኖሪያ ክፍል 50ን አይለፍ። በሌላ በኩል ደግሞ ደርቆ ደርቆ ከ35 በታች አታውርዱት፤ የጠማው አየር ውሃውን ከቅጠሉ መጥጦ ዳሩን ያቃጥለዋል፤ ድር የምታደራው ቀይ ነቁጥ የመሰለች ቅማልም በሙቅና በደረቅ አየር ነው የምትራባው።

ውሃውን ከቤት ማስወጫው መንገድ

መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ንፋስ ነው። በብርዱ ወራት የውጭው አየር በጣም ደረቅ ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ 80 በመቶ የሚለው የውጭ አየር ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 21 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የድንኳኑን እርጥብ አየር በቱቦ ወደ ውጭ ማስወጣት በዚህ ወቅት ርካሹ መድኃኒት ነው። ወደ ውጭ ነው ያልኩት። ቱቦውን እዚያው ቤዝመንት ውስጥ የሚያፈሱት ሰዎች ውሃውን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ነው ያሻገሩት። ወደ ጣሪያ ሥር የሚያስወጡትም ሻጋታውን ፎቅ አወጡት እንጂ አላባረሩትም።

እዚህ ላይ ግን ደውሉን ጮክ አድርጌ እመታለሁ። ቤዝመንታችሁ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ወይም ፈርነስ ካለ፣ ኃይለኛ አየር ማስወጫ ፋን ክፍሉን ሲመጥጠው በጭስ ማውጫው ሊወጣ የሚገባው ጋዝ ወደ ቤት ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አገር ቤት ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ የሚወስደው ያው ጋዝ። ሽታ የለውም። ፋን ከማስገባታችሁ በፊት የሚገባ አየር መንገድ እንዳለው በባለሙያ አስፈትሹ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳትሰቅሉም ፋኑን አታስነሱ።

ሁለተኛው መንገድ ዲሂዩሚዲፋየር የሚባለው ከአየር ውሃ የሚቀዳ ማሽን ነው። ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጠንቀቅ ብላችሁ አንብቡት። ማሽኖቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ 27 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ክፍል ነበር የሚለኩት፤ ከዚያ ወዲህ 18 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድሮ «70 ፓይንት» ይባል የነበረው ዛሬ «50 ፓይንት» የሚባለው ያህል ነው። ያገለገለ ስትገዙ ትልቁ ቁጥር አያታላችሁ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ደግሞ የማሽኑ ቱቦ በረዶ እየያዘ ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ ክፍሉ ከ18 ዲግሪ አይውረድ። ጓዳ ውስጥ የሚቀመጡት እርጥበት መጣጭ ጨውና ከረጢት ለቁም ሣጥን እንጂ ለዚህ አይበቁም፤ በሳምንታት የሚጠጡትን ውሃ እናንተ በአንድ ጠዋት ታጠጣላችሁ።

ማሽኑን ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ቀጥታ ሰኩት፤ ኤክስቴንሽን ላይ ከመብራትና ከፋን ጋር አትደርድሩት። እሳት የማስነሳት አደጋ ስላላቸው አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዲሂዩሚዲፋየሮች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2021 ከገበያና ከቤት እንዲሰበሰቡ ተጠርተዋል። ብዙዎቹ ዛሬም በየጋራዥ ሽያጩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ከኋላው ያለውን የሞዴል ቁጥር ወስዳችሁ ከሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ዝርዝር ጋር ሳታመሳክሩ አታስነሱት።

ሻጋታው ከገባ

የረጠበና የሻገተ ቦታ ጠቅላላው ከአንድ ሜትር ካሬ ካነሰ ጭምብልና ጓንት አድርጋችሁ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ከበለጠ ባለሙያ ጥሩ። ሲሚንቶና መስታወት በሳሙና ይጸዳል፤ የሻገተ ጂፕሰምና ምንጣፍ ግን አይታጠብም፤ ተቆርጦ ይጣላል። በረኪና ረጭቶ ቀለም መቀባት ቁስል ላይ ነጠላ እንደማልበስ ነው። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ማደባለቅ ደግሞ መርዝ ጋዝ ማፍላት ነው። ከሻገተው ድንኳን የተለቀመ በሶብላም በርበሬ ውስጥ አይግባ፤ ለበርበሬ የምታደርቁትንም እዚያው ድንኳን ውስጥ አትስቀሉት፤ ንፋስ ያለበት ደረቅ ክፍል ፈልጉለት።

የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣልና ከአሁኑ ያዙት። ሐምሌ ላይ የዋሽንግተን አየር በውሃ የከበደ ነው። «ቤዝመንቱ ይናፈስ» ብላችሁ መስኮት ስትከፍቱ ያ ከባድ አየር ገብቶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሸክሙን ያወርዳል። በብርዱ ወራት የሚያድናችሁ መስኮት ያን ጊዜ ያጠፋችኋል። በዚያ ወቅት መስኮቱ ይዘጋ፤ ማሽኑ ይሥራ።

በባልዲ የሚቆጠር እውነት

ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ። ጠዋት ያጠጣችሁትን ውሃ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉ። ማታ ከዲሂዩሚዲፋየሩ ባልዲ የደፋችሁትንም ለኩና አጠገቡ ጻፉ። ሁለቱ የሚቀራረቡ ከሆነ ውሃው ገብቶ ወጥቷል። አየሩን በቱቦ የምታስወጡ ከሆነ ደግሞ ምስክራችሁ የሌሊቱ መለኪያ ነው፤ ጠዋት ስታዩት ከ65 ካላለፈ መንገዱ ይሠራል። ሁለት ሊትር አጠጥታችሁ ባልዲው ባዶ ሆኖ፣ ቱቦም ሳይኖር፣ መለኪያው ደግሞ ሰላም ነው የሚላችሁ ከሆነ ግን መለኪያውን አትመኑ። ሁለቱ ሊትር ቤት ውስጥ ተደብቋል፤ ፈልጉት።

እኔ ዛሬ ጠዋት አንድ ሊትር ተኩል አጠጣሁ። ማታ ከባልዲው የደፋሁት አንድ ሊትር ከሦስት መቶ ሆነ። መብራቱ ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ ይህን ስጽፍ የፋኑ ድምፅ ከደረጃው ሥር ይሰማኛል። አሁን የእጅ ባትሪዬን ይዤ ልወርድ ነው። እናንተም ውረዱ።